የተፋጠነው ስንብት

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከሰዓት

ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ዲላ ዝናብ ነው። መብራት የለም። የስልኬ ባትሪ ግን አለ፤ ዱዌቱን ደግሜ ሰማሁት። የሆነ ነገር ልክ አይደለም።

ላንተ አልነገርኩህም፣ ደብተሬ። እኔና እዚሁ ት/ቤት የሚያስተምሩት ጋሽ ተፈራ የጣሊያንኛውን የስንብት ዱዌት ኑረዲን ስቱዲዮ ገብተን ቀረፅን። ጋሽ ተ. ቅጂውን አ.አ. ላለ አንድ የኳየር ቡድን ላኩት። ወደዱት። መጥታችሁ በአካል አዚሙልን አሉ። ከተሳካ ሥራ አለው። ከት/ቤቱ ጠመኔ እገላገላለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ስማኝ። በዱዌቱ ሰውየውና ሴትየዋ ላይገናኙ ሊለያዩ በር ላይ ቆመዋል። ቅጂው ላይ ሰርግ እንዳያመልጣቸው የቸኮሉ ይመስላሉ። እኔ ደግሞ ትንሽ ልጅ መስያለሁ። ድምፄን አላወቅሁትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። በዕረፍት ሰዓት

በት/ቤቱ ኪቦርድ አመሳከርኩት። የቅጂው ኪይ፣ ማለትም የዜማው ከፍታ፣ ኖታው ላይ የተጻፈው ራሱ ነው። ልክ ነው ማለት ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አጠራጠረኝ። የዚያን ቀን ላይኛዋ ኖታ ላይ ብዙ አልተንጠራራሁም። ቀላል ነበረች። ጉሮሮዬ ያስታውሳል።

ጋሽ ተ. ጋ ደወልኩ። ቴምፖው ፈጠነብኝ አልኳቸው። ሰው የገዛ ድምፁን አይለይም፣ ስቱዲዮ እንዲህ ነው ብለው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማዜም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወሬ ሲያስቀይሱ አውቃለሁ።

በእኔ ቦታ ሌላ ሴት አስገብተው ይሆን? ከአዲሶቹ ተማሪዎቻቸው አንዷን? ማሰቡ ያሳፍራል። አሰብኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አገኘሁት! የዚያን ቀን ለእናቴ ላሰማት ብዬ በስልኬ ትንሽ ቀድቼ ነበር። ከኪቦርዱ ጋር አስተያየሁት። የስልኬ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ቀስ ያለም ነው። ሴትየዋም እኔው ነኝ።

ያው አንድ ዘፈን፣ ሁለት ኪይ። እንደ ድሮ ካሴት ነው፤ ሲያፈጥኑት ይቀጥናል፣ ወደ ላይም ይወጣል።

ኑረዲን ጋ ሄድኩ። ስቱዲዮው ከአባቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ነው። የሰርግ ዘፈን እያስተካከለ ነበር። ሁለቱንም አሰማሁት። ማዳመጫውን አወለቀ።

“ጋሽ ናቸው ያሉኝ” አለ። “ሲቀረፅ ኪቦርዱን አንድ ድምፅ አውርደው፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ አፍጥነህ መልሰህ አውጣው አሉኝ። አንቺም የምታውቂ መስሎኝ።”

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እሳቸውን ጠይቂ አለ። ሻይ ልጋብዝሽ አለ። አልጠጣሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጋሽ ተ. ሥራ አልገቡም። ስልካቸው ዝግ ነው። ጎረቤታቸው፣ ጨለለቅቱ የምትኖር እህታቸው ጋ ቡና ለቀማ ሊያግዙ ሄደዋል አለችኝ። ለቀማ በየዓመቱ አለ። ዘንድሮ እኔ በጠየቅሁ ማግስት ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስል ዋልኩ። የእኔን ድምፅ አቅጥነው የራሳቸውን ሊያጎሉ ይሆን? ደግሞ የእሳቸውም እኮ ቀጥኗል። ታዲያ ምን አተረፉ? አ.አ. ሄደን በአካል ስናዜም አታላይ የምባለው እኔም ነኝ። ይህን አላሰቡም? ወይስ አስበውበታል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማምሻውን

ጨለለቅቱ ደርሼ መጣሁ። በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ጫማዬ ጭቃ ብቻ ነው።

ጋሽ ተ. ጓሮ ነበሩ። ቅርጫት ታጥቀው ቀይ ቀዩን ይለቅማሉ። ሲያዩኝ አልደነገጡም። እህታቸው ቆጮ አቀረበችልንና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

“ኑረዲን ነግሮኛል” አልኳቸው።

“ደውሎልኛል።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። “ላይኛዋ ኖታ ከሄደችብኝ ቆየች፣ ሰናይት። ልምምድ ላይ ኪቦርዱን ዝቅ እያደረግሁ ስንት ጊዜ አብረን አዜምን። አንቺም አልሰማሽም። ያስተማርኳት እሷ ካልሰማች ማን ይሰማል አልኩ።”

ጆሮዬን የማይጠራጠር ሰው ነበርኩ።

ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለራሳቸው? ጠየቅኳቸው። የአ.አ. ሰዎች ዱዌት እንጂ ነጠላ ዘፋኝ አንቀበልም ስላሉ ለአንቺ ብዬ ነው አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ “ለራሴም” አሉ። ሁለተኛውን አመንኩ። የመጀመሪያውን እንጃ።

አሞታል በያቸውና ብቻሽን ሂጂ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ባለችን ድምፅ እንቀረፃለን፣ እንልካለን፣ እውነቱንም እንነግራቸዋለን አልኳቸው። ቅርጫታቸውን አነሱ። ወደ ቡናው ተመለሱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጋሽ ተ. መጡ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው።

ባዶ ክፍል ውስጥ በስልኬ ቀረፅን። ዝቅ ባለው ኪይ፣ በቀስታ። ለካ ስንብቱ እንዲህ ነው። ጋሽ ተ. የመጨረሻዋን ሐረግ ሲጨርሱ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። እንድገመው አላሉም። እኔም አላልኩም።

ላኪው አሉኝ። በአጭሩ ጻፍኩ፦ የፊተኛው ቅጂ ተፋጥኗል፣ እውነተኛው ይህ ነው፣ ይቅርታ። ከላኩ በኋላ ሁለታችንም ስልኩን አየነው። ሳቁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከሰዓት

መልስ መጣ። አጭር ነው። የሴቷን ድምፅ አሁን በደንብ ሰምተነዋል፤ ብቻዋን ትምጣ፤ አጃቢ ወንድ ድምፃዊ እዚሁ እናገኝላታለን። ስለ ጋሽ ተ. አንድ ቃል የለም።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ጋሽ ተ. ከፊት ለፊቴ ነበሩ። ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ “አልመለሱም?” አሉኝ።

“አልመለሱም” አልኳቸው።

ከአፌ ወጣ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? አመኑኝ። ዛሬ ልምምድ እንግባ፣ ዝቅ ባለው ኪይ ትንፋሼ ይበቃኛል፣ ለጉዞው ኮት ልዋስ ነው አሉኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ቢጠራጠሩኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ልምምድ ክፍል ገብተው እየጠበቁኝ ነው። ከዚህ ይሰማኛል፤ ድምፃቸውን እያሟሟቁ ነው። ስልኩን እሰጣቸዋለሁ፤ መልሱን ራሳቸው ያነባሉ። ከዚያ በኋላ አ.አ. እሄድ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ይህ ይሁን። ተነሳሁ።