ብናኝ የተባለችው ጋላክሲ

ሶኤ፣ ቲሞር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019

ለልጄ ለኦርፓ፣

እናትሽም እኔም ደህና ነን። ዝናቡ ገና አልጣለም። ሌላውን ወሬ እናትሽ በስልክ ነግራሻለች፤ ይህን ግን በስልክ አላወራውም፤ እሷ አጠገቤ ሆና ትሰማለች።

የዚያችን የደበዘዘች ነጥብ ፎቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምርሽ ፕሮፌሰር እንድልክለት ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በያዝኳት ትንሽ ቴሌስኮፕ ሁለት በጋ ሙሉ ያንኑ የሰማይ ጥግ አንስቼ፣ የስልሳ ሰዓት ብርሃን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ያገኘኋት ናት። ከአንድ ትልቅ ጋላክሲ ጎን፣ መስታወት ላይ እንደ ተነፈሱት ጭጋግ ሆና ትታያለች። ድንክ ጋላክሲ ትመስለኛለች ብዬ ጻፍኩለት። "አባቴ፣ ካሜራዎ ላይ ያረፈ ብናኝ ነው፤ ይወልውሉት" ብሎ መለሰልኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ፊዚክስ ላስተማርኩት ለእኔ።

ወለወልኩት። ካሜራውንም ገልብጬ ገጠምኩት፤ ብናኝ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይገለበጥ ነበር። አልተገለበጠም። የከተማው መብራት ነጸብራቅም እንዳይሆን ብዬ ቴሌስኮፑን ሞተር ብስክሌት ላይ ጭኜ ፋቱምናሲ ተራራ ድረስ ወጣሁ፤ ብርዱ ጉልበቴን ይዞኝ ሳምንት ተኛሁ። ነጥቧ ግን እዚያው ናት። ይህንንም ላክሁለት። ዝም አለኝ።

ባለፈው እሑድ ፓስተር ሴፍናት ጋዜጣ ይዘው መጡ። የልጅህ ፕሮፌሰር አዲስ ጋላክሲ አገኘ አሉኝ። ፎቶው የእኔ ነው። ሳተላይት ሲያልፍ ጥጉ ላይ የተወው፣ ላጠፋው ሞክሬ ያቃተኝ ጭረት እንኳ እንዳለ ነው። ከሥሩ አራት ስም ተጽፏል። የእኔ የለም። ሦስተኛው ያንቺ ነው።

እናትሽ ጋዜጣውን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ስምሽን በጣቷ እያመለከተች ታሳያለች። ምንም አልነገርኳትም።

ያን ሰውዬ አልለቀውም። ሌባ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ዋናዎቹን ፎቶዎች ከነቀናቸው ግኝቱን ላወጣው የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆች ልልክ አሰናድቻለሁ። ሁለት ሳምንት ግን አንቺን እጠብቃለሁ። ስምሽን ሳያማክርሽ አስገብቶት ከሆነ ጻፊልኝ። አውቀሽ ከሆነም ጻፊልኝ። መመረቂያሽ በእጁ ነው፤ ፈርተሽ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ከእኔ በፊት አንቺ ራስሽ ለአዘጋጆቹ ንገሪያቸው። አንቺ ከተናገርሽ፣ የእኔን ስም ሳይጽፉት ቢቀሩም ግድ የለኝም።

ጌታ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ለመናገርም ጉልበት ይስጥሽ።

የጻፍሽውን ብትጽፊ አባትሽ የሆንኩት፣
ሜልኪያኑስ