የተጠረገው ቦኖ

ጋምቤላ፣ ጥር 1994

አልማዜ፣ እስክሪብቶው በላብ እያሟለጨኝ ነው የምጽፍልሽ።

ተማሪዎቼን "ልጆች የሚታመሙበትን የውሃ ቦኖውን ጭቃ በዲጂታል ካሜራ አንሱ፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አሳይተን እናስተካክለዋለን" ብዬ ላክኋቸው። ይዘው የመጡት ፎቶ ላይ ቦኖው እንደ ሙሽራ ያምራል! ተማሪዬ አባንግ፣ "ቲቸር፣ ፎቶ ሊነሳ እኮ ነው! እናቶቻችን በጠዋት ጠርገው አሸዋ አለበሱት" አለችኝ። አልማዜ፣ እናንተስ ቤት እንግዳ ሲመጣ ኮተቱ ሁሉ አልጋ ስር አይደል የሚገባው?

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ጭቃው እንደሆነ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ያኔ አብሬያቸው ሄጄ እንዳለ እናነሳዋለን። ስብሰባው ሳያየው ከዚህ ንቅንቅ አልልም!

እማማን ሳሚልኝ፤ ዳዊንም። ደግሞ ከፖስታ ካርዱ ጀርባ ያለውን የባሮ ወንዝ ፎቶ አይተሽ እንዳትቀኚ፤ እሱም ተጠርጎ ነው የተነሳው።

ቤዛ