ውሃ የማይነካው ላንድክሩዘር

ለክቡር አቶ ሳህሉ፣
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ቀጥዬም ለመኪናዎ። ክረምቱን ሙሉ የጭቃ ፍንጣሪ ሳይነካት፣ የሌሞ አቀበት ጎማዋን ሳያቆሽሽባት፣ ከአስፋልትና ከጠጠር ሳትወርድ ለአዲሱ ዓመት በመብቃቷ እንኳን ደስ ያለዎት። የእኛን ጤና ቢጠይቁ፣ ለእሱ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

በዚህ የጋዜጣ ገጽ ላይ የማን ሰርግ እንደ ደመቀ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ በማን ሽምግልና እንደ ታረቀ ስጽፍ የለመዱኝ አንባቢዎቼ ዛሬ ስለ መኪና ማውራቴ ሳይገርማቸው አይቀርም። ነገሩን ለማያውቁት ከመነሻው ላውጋቸውና ወደ እርስዎ እመለሳለሁ፤ መቼም ስለ መኪናዋ ሲወራ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ።

መኪናዋ ወደ ወረዳችን የመጣች ጊዜ ነጭ ነበረች፤ ሌላ ጌጥ አልነበራትም። ከኋላዋ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሯት፤ በመካከላቸው ቃሬዛ ልክክ ብሎ ይገባል። በርክክቡ ዕለት እርስዎ ራስዎ ድምጽ ማጉያ ጨብጠው «ይህች መኪና የእናቶች ናት፤ ከእንግዲህ ምጥ ይዟት መንገድ ላይ የምትቀር እናት አትኖርም» ሲሉ ሴቶቹ በእልልታ ሜዳውን አናወጡት። እኔም እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ፤ ድምጼ ለሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ መኪናዋ ለጥቂት ሳምንታት ከዓይናችን ተሰወረች። ታማለች ያለ ነበር፤ ለዞን ተወስዳለች ያለም ነበር። ለካስ አዲስ አበባ ጋራዥ ገብታ እየተኳኳለች ኖሯል! ስትመለስ ማን ይወቃት? ቁመቷ በአዲስ ባሌስትራ ከፍ ብሏል፤ ጎማዎቿ ጥርስ አውጥተዋል፤ ቸርኬዎቿ ፊት ያሳያሉ፤ መስታወቶቿ ጠቁረዋል። ከኮፈኗ ጎን አንድ ጥቁር ቧንቧ ወጥቶ እስከ ጣሪያዋ ተዘርግቷል። ከፊቷ ዝሆን የሚመልስ ብረት፣ ከብረቱም ሥር ራሷን ከጭቃ ጎትታ የምታወጣበት ዊንች ተገጥሞላታል። በአናቷ ላይ መብራት ተደርድሯል። በሁለቱም ጎኗ ላይ ደግሞ ሊዘል ያቆበቆበ ነብር ተለጥፏል። የሰፈሩ ሰው ተራ እየጠበቀ ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሣ። እኔም ተነሥቻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ምስጋናዬንና በምስጋናው መሐል ሾልከው የገቡ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ውበቷ። በጥር ወር ዱራሜ ድረስ ሄዳ በሪባን ተሽሞንሙና ሙሽራ ማጀቧን ሰምተናል፤ ሙሽራው የእርስዎ የእህት ልጅ በመሆኑ ጋብቻው የአብርሃምና የሣራ ይሁን ብለናል። ስትመለስ አዲሎ ላይ ብትቆም መንገድ ዳር የሚነግዱት ሴቶች ገበያቸውን ትተው ከበቧት። አንዷ ሹፌሩን ፋንታሁንን «ወንድሜ፣ ይቺ የጦርነት ናት የሰርግ?» ብላ ብትጠይቀው፣ እሱም የታዘዘውን የማይረሳ ሰው ነውና «የእናቶች ናት» ብሎ መለሰላት። ሴትየዋ ሪባኑን አየት፣ ነብሩን አየት አድርጋ «ውይ! የትኞቹ እናቶች?» አለችው ይባላል። ፋንታሁን ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። እኔም ጥያቄዋን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አቅሟ። ይህች መኪና ገደል ትወጣለች፣ ጭቃ ትሰነጥቃለች፣ ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ ትወጣለች ብለው በየስብሰባው ሲያስረዱን ቆይተዋል። ስለዚህም ወደ ሙዱላ በኩል ለመስክ ጉብኝት በወጡ ጊዜ ጠጠሩ አልቆ ቀዩ ጭቃ የሚጀምርበት ላይ ሲደርሱ መኪናዋን አስቁመው፣ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ሆነው መስኩን በዓይንዎ ጎብኝተው መመለስዎን ስሰማ፣ ይህን ያህል ርቀት ማየት የሚችል ዓይን ስለ ሰጠዎ ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ከእጄ ቢያመልጥ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የአክስቴ ልጅ ትርፊት የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ባለው ቀበሌ ነው። በነሐሴ አጋማሽ የመጀመሪያ ልጇን ምጥ ያዛት፤ እኔም ለዕረፍት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምጡ እንደ ከበደ አይታ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወለች፤ አይካድም፣ መኪናዋ መጣች። መጣችና ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ በከተማው በኩል ባለው ዳርቻ ላይ ቆመች። እኛ ትርፊትን በቃሬዛ ይዘን ወዲህ ማዶ ቆመናል። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ስለ ነበር ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ገብተው የለኩት ሴቶችም ቀሚሳቸው የረጠበው ከጫፉ ብቻ ነበር።

ከእኛ ጋር ጋሪውን ይዞ የመጣው ጎረቤታችን ጠና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። «ጋሼ ፋንታሁን! ያቺ ከጎኗ የወጣችው ቧንቧ ለምንድን ናት?»

«ውሃ ውስጥ ስትገባ ሞተሯ እንዲተነፍስ ነው» አለ ፋንታሁን ከማዶ።

«እሰይ! እንግዲያው ትግባና ትተንፍስ!»

«ተወኝ እባክህ ጠና! አቶ ሳህሉ ውሃ እንዳታስነካት ብለውኛል። ነብሩ ይላጣል፤ እንጀራዬ ነው።»

ጠና ወደ ፈረሱ ዞሮ «ሰማህ አይደል? አንተ እንኳን የሚላጥ የለህም፤ በል እንሂድ» አለና ትርፊትን ጋሪው ላይ አስተኝተናት ተሻገርን። በዚያ ጭንቅ መሐል የሳቁ ሴቶች ነበሩ። ትርፊት ራሷ ፈገግ ያለች መስሎኛል።

ስንሻገር ፋንታሁን የኋላውን በር ከፈተልን። ክቡር ሆይ፣ አግዳሚዎቹ የሉም። በነሱ ቦታ ሁለት መለዋወጫ ጎማ፣ የነዳጅ ጀሪካኖችና ቁም ሣጥን የሚያካክሉ የሙዚቃ ድምጽ ማጉያዎች በብሎን ታስረው ተቀምጠዋል። ቃሬዛው የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ከፊት እናስቀምጣት ስንል ደግሞ መኪናዋ ከፍ ከማለቷ የተነሣ ወለሉ ደረታችን ጋ ነው፤ የእግር መርገጫዋም «ሚኒባስ ያስመስላታል» ተብሎ ተነቅሏል። ጎረምሶቹ ሊያነሷት ሞከሩ፤ እጃቸው ላይ ጮኸች። መልሰን ጋሪው ላይ አስተኛናት።

እናም ወደ ሆስፒታል የሄድነው እንዲህ ነው፤ ከፊት ፈረሱ፣ ቀጥሎ ትርፊት፣ ከጎኗ እየጸለዩ የሚሮጡ ሴቶች፣ ከሁሉ ኋላ ደግሞ የእናቶች መኪና። መሸትሸት ብሎ ነበርና ፋንታሁን መንገዱ ይታየን ብሎ የአናቷን መብራት ሁሉ አበራልን። እሱ ላይ አልፈርድም፤ መሪውን እንደ ጨበጠ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። በየደጁ የነበረ ሰው ግን ሰርግ መስሎት እያጨበጨበ ወጣ።

ትርፊት ዳነች። ልጁ ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ሐኪሟ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ ይተርፍ ነበር አለችን።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ልጨርስ ነበር፤ አራተኛ ቅሬታም አልነበረኝም። ነገር ግን እርስዎ በዓመቱ ማጠቃለያ ግምገማ ላይ ተነሥተው «የተሽከርካሪያችንን አቅም የመገንባት ሥራ መቶ በመቶ ተከናውኗል» ካሉ በኋላ፣ በድክመት በኩል ደግሞ «እናቶች በጊዜ ያለመምጣት ችግር ይታያል» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባም ነበር አሉ። ክቡር ሆይ፣ ይህን የነገረኝ ሰው ቆጮና ጎመን አቅርቦልኝ ነበር፤ ከነሳህኑ መለስኩት። እኔ ምግብ መመለሴ በዘመድ ዘንድ እንደ ጉድ ይወራል። ሰው በሰው ሲናደድ ብዙ አይቻለሁ፣ እኔም ብዙ ተናድጃለሁ፤ ይህ ግን ንዴት አይደለም። መጸየፍ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንዲት ነገር እለምንዎታለሁ። ነብሩ ይቆይ። መብራቱም ቸርኬውም ይቆዩ፤ ዊንቹም አንድ ቀን ጭቃ ካየ ሥራውን ይልመድ። አግዳሚዎቹን ብቻ ይመልሱልን፤ የእግር መርገጫዋንም፤ ለፋንታሁንም ውሃ ውስጥ እንዲገባ ይፍቀዱለት። የትርፊት ባለቤት እህት ጣቢታ በኅዳር ትወልዳለች። ቤቷ ከትርፊት ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ ወንዙም ያው ወንዝ ነው። በነሐሴ የሆነውን ሁሉ በዓይኗ አይታለች፤ አሁን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ሰው ስለ ምጡ ሲጠይቃት፣ እሷ መልሳ የምትጠይቀው ስለ መንገዱ ብቻ ነው።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመኪናዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም በዚያ ከፍታ ላይ ሆነው ወደ ታች የሚመለከቱበት አንገት እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በጋሪ መንገድ ከምንሄደው ዜጎችዎ መካከል ነኝ፤

አክባሪዎ
ገነቴ
ከሆሳዕና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለማተሚያ ቤት ከሰጠሁ በኋላ ከማዶ ተደወለልኝ። መኪና ትመጣላችኋለች በተባለ ጊዜ የቀበሌው ሰው መንገዱን ለማስፋት ከየጓሮው ዳር እንሰቱን በገዛ እጁ መንቀሉን ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜ ዕድሩ ተሰብስቦ በመንገዱ ግራና ቀኝ የእንሰት ችግኝ መልሶ ተክሏል። ጠና ጋሪውን በመሐል እየነዳ ስፋቱን አሳያቸው፤ እነሱም መንኮራኩሩ ካለፈበት ጥግ ጥግ ተከሉ። ጋሪ እንደ ልብ ያልፋል። የእርስዎ መኪና አታልፍም። ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ ጋሪው ጣቢታ ደጃፍ እንዲያድር፣ ፈረሱንም ጎረቤት በየተራ እንዲቀልብ ተስማምተዋል። እኔም አግዳሚዎቹን የለመንኩበትን አንቀጽ ላውጣው ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን «ተዪው፣ እሳቸውም እንደ ተለመኑ ይወቁ» አሉኝ። እንዲያው ለደንቡ ነው እንጂ ከእርስዎ የሚጠብቁት ነገር የለም።