ሦስት መደብ አትክልትና ጨው ያነሰው ዳቦ

የካቲት 18

ዛሬ ዳቦ ጋገርኩ። ዳቦ ልበለው እንጂ… ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ። ቢላዋው ገብቶ አልወጣም አለ። ከነቢላዋው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ትንሽ አየሁት።

ሐኪሙ ባለቤቴን የዳቦ ቤት ዳቦ ከልክሏታል። ጨው ይበዛበታል አለ። አትክልት ደግሞ በየቀኑ ትብላ አለ። ስትሮክ ከመታት አራት ወር ሆናት። አነጋገሯ ደህና ነው፣ በከዘራም ትሄዳለች፤ ቀኝ እጇ ግን እምቢ ብሏል። ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዘ እጅ ማንኪያ አልይዝም ሲል… የስፌት መኪናዋን ራሷ አንሶላ አለበሰችው።

ከዳቦው የሚቆረሰውን ቆርሼ ሰጠኋት። አኘከች። ዋጠች። "አመሰግናለሁ" አለችኝ።

አመሰግናለሁ! ድሮ ቢሆን ይህን ዳቦ ይዛ ሳምንት ሙሉ ትሰድበኝ ነበር። ጡረታ እስክወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርኩ "አቶ ማኅደር" ነው የምትለኝ። እንደዚያ ካለችኝ አራት ወር አለፈ። በሽታው ከእጇ ጋር ስድቧንም ወሰደው እንዴ?

ከሰዓት ልጃችን ደወለች። የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው።

"አባዬ፣ እንቁላል መቀቀል የማትችል ሰውዬ እማዬን እንዴት ነው የምትንከባከባት?"

"እችላለሁ።"

"እስከ ግንቦት መጨረሻ እንየው። ካልሆነ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ዳቦው እኮ አሁንም ቢላዋው እንደተሰካበት ነው።

የካቲት 24

ጎረቤታችን አናጢው ሦስት የአትክልት መደብ ሠራልኝ። ዙሪያቸው ሳንቃ፣ ቁመታቸው ከጉልበት ከፍ ያለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ መኮትኮት እንድትችል። ንድፉን በማስመሪያ ሠርቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ፈርሜ ነበር የሰጠሁት። አናጢው ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየው።

"ጋሼ፣ ሣጥኑ ለሰላጣ ነው ወይስ ለሌላ ነገር?"

"ለሰላጣ ነው።"

"አይ፣ ልኩ የሰው ልክ ሆነብኝ ብዬ ነው።"

አፈሩን ስሞላ ዋልኩ። ወገቤ የኔ አይደለም። ማን እንደወሰደው አላውቅም።

መጋቢት 3

ዘራሁ። አንደኛው መደብ ካሮት፣ ሁለተኛው ሰላጣና ቆስጣ፣ ሦስተኛው ቀይ ሥር። ለእያንዳንዱ መስመር ቁጥር ሰጠሁ። ካ/01፣ ካ/02… የተዘራበት ቀን፣ ጥልቀት፣ ምርመራ። መዝገቡን ላስቲክ አልብሼ ሳንቃው ላይ በምስማር ሰቀልኩት። አለቆቼ ቢያዩ እድገት ይሰጡኝ ነበር፤ በሥራ ላይ ሳለሁ ያልሰጡኝን።

ባለቤቴ በመስኮት ታየኛለች። እጄን አወዛወዝኩላት። አልመለሰችም። መጋረጃውንም ግን አልዘጋችውም። እሱም አንድ ነገር ነው።

መጋቢት 7

ዳቦ ቁጥር ሦስት። ምንም አልጽፍም።

መጋቢት 19

ካሮቱ በቀለ! ችምችም ብሎ፣ እንደ ምንጣፍ። አናጢውን ጠርቼ አሳየሁት። ሙገሳ ነበር የጠበቅኩት።

"ጋሼ፣ ያሳሱት እንጂ። ከሦስቱ ሁለቱን ይንቀሉ። እንደዚህ ተፋፍጎ አያድግም።"

መንቀል? እኔ? ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልጣልኩም። "ይሄ አያስፈልግም፣ ጣለው" ያለኝ ሁሉ በዓመቱ ላብ በላብ ሆኖ መጥቶ ያንኑ ወረቀት አምጣ ብሎኛል። ታዲያ የትኛው ካሮት እንደሚያስፈልግ በምን አውቃለሁ? ዛሬ የቀጨጨው ነገ ቢመረቅስ?

አንዱንም አልነቀልኩም። ቆጠርኳቸው። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው።

መጋቢት 28

ዳቦ ቁጥር ሰባት። ይህንንም ቀበርኩት። ሦስተኛው መደብ ጥግ ላይ፣ ከወንድሞቹ አጠገብ። ለአፈሩ ይጠቅማል ብዬ ነው። (ለማን ነው የምዋሸው? ይህን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።) ድንቅ ነገር፤ ሰው ሲያልፍ ቀና ብዬ ደመና የማይ እመስላለሁ።

የተቀቀለ ድንች እየበላን ነው። ዛሬም "አመሰግናለሁ" አለችኝ።

ሚያዝያ 6

ጉድ ፈላ።

የአናጢው ውሻ ሦስተኛው መደብ ላይ ወጥቶ ቆፈረ። አንዱን ዳቦ በአፉ ይዞ ወደ በረንዳው ሄደና ባለቤቴ እግር ሥር አስቀመጠው። ተኝቶ ሊሰብረው ሞከረ። በፊት ጥርሱ፣ በጎን ጥርሱ… አቃተው። ትቶት ሄዶ ሌላ አመጣ። ያም ያው ነው። ሦስተኛውን ሲያመጣ ደረስኩ።

ከዘራዋን ወደ ዳቦዎቹ ቀስራ "ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"ማዳበሪያ ነው" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጨው በተከለከለበት ቤት።

"ስንት ቀበርክ?"

"…ስድስት።"

ከዚያ ቀስ ብላ፦

"መዝግበሃቸዋል?"

መዝግቤያቸዋለሁ። ዳ/02 እስከ ዳ/07። የተቀበሩበት ቀን፣ የተቀበሩበት ጥግ። ፊቴን አይታ ገባት።

ሳቀች። ከአንጀቷ። በግራ እጇ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። "አቶ ማኅደር! ዳቦ ቀብሮ ፋይል የሚከፍት ሰው!"

ጓዳ ገብቼ ዱቄት የምፈልግ መስዬ አለቀስኩ። ሽማግሌ ጅል። ውሻው ግን ይባረክ።

ሚያዝያ 7

ዛሬ ራሷ ወጣች። ወንበር አወጣሁላት። አንደኛው መደብ አጠገብ ተቀመጠችና በግራ እጇ አንድ ካሮት መዘዘች። ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው።

"ይሄ ካሮት ነው ክር? መርፌ አምጣ ልሰካው።"

አናጢው ያለኝን፣ እኔም ያላደረግኩትን ነገርኳት። መዝገብ ቤቱንም አነሳሁ። ራሷን ነቀነቀች።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አገባሁ።"

በከዘራዋ እያመለከተች እኔ ስነቅል ዋልን። ያ። ያኛው። ኧረ እሱን አይደለም፣ አጠገቡን! የመጀመሪያዎቹን ስነቅል እያንዳንዳቸውን ይቅርታ ጠየቅኩ። ከሃያ በኋላ ለመድኩት። ከመቶ በኋላማ… ደስ ማለት ጀመረ። መዝገብ ቤቱን እንዲህ ባለ ስሜት ውስጥ ሆኜ ቢሰጡኝ ኖሮ ባዶ አስቀረው ነበር።

ከሰዓት ሊጥ ሳቦካ ከኋላዬ መጣች።

"ሰዓት እያየህ ነው የምታቦካው?"

"ወረቀቱ አሥር ደቂቃ ይላል።"

"ወረቀቱ እጅ አለው? የጆሮህን ጫፍ ንካ። ሊጡ እንደዚያ ሲለሰልስ በቃ።"

አንድ እጄ ሊጥ ላይ፣ አንድ እጄ ጆሮዬ ላይ። እርሾውንም ለካ ስገድለው ነው የከረምኩት፤ የፈላ ውሃ ነበር የማፈስበት። ለካ ለብ ያለ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ግራ እጇን አስገባች። ባለፉት አምስት ወራት እጇን ምንም ውስጥ ስታስገባ አላየሁም። ገፋ፣ ሰብሰብ… አንዴ ሊጡ ሳህኑን ይዞ ሸሸ። እኔ ሳህኑን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሳህን መያዝ ሆነ።

ሊጡ ኩፍ አለ። በአንድ ጎኑ ብቻ። ዳቦው ተንጋዶ ወጣ። ሁሉንም በላነው። ቁጥር አልሰጠሁትም።

ሚያዝያ 22

ልጃችን ደወለች። ጉራዬን ነፋሁ። ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ዳቦው። "እናትሽን የምትወስጂበት ምክንያት የለም" አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አደረገች፦ "አባዬ… እንዳትቆጣ። እወስዳታለሁ ያልኩት ከራሴ አይደለም። እማዬ ናት ውሰጂኝ ያለችኝ።"

"ምን?"

"አባትሽን በእርጅናው አሽከር አደረግኩት አለች። ትንሽ ይረፍ አለች። አሁንም ሐሳቧን አልተወችም። እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር…"

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ገብቼ መናገር ነበረብኝ። ከኮሪደሩ እስከ እሷ ወንበር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ምን አደረግኩ?

ወጥቼ ጎመን ዘራሁ። ካሮት በተነቀለበት ክፍት ቦታ ሁሉ።

ሚያዝያ 29

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቅዟል።

ግንቦት 4

ዛሬም ጎመን ጨመርኩ። የቀረ ባዶ ቦታ የለም። አናጢው "ጋሼ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አለኝ።

ግንቦት 12

እጅግ ያማረ ዳቦ። ላዩ ወርቅ መሰለ፣ መሐሉ ልስልስ። እሷ በግራ አቦካች፣ እኔ ሳህን ያዝኩ። አናጢው ስለ ውሻው ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ አራት ቁራሽ በላ። ጨው አነሰው አላለም። ሰላጣውን አጥበን አቀረብን። ሦስታችንም ሳቅን።

አናጢው ሲሄድ "ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርድልኝ" አለችኝ።

አወረድኩላት። አቧራውን ጠረግኩላት። ዚፑ እንዳያስቸግራት ሳሙና ቀባሁላት! ወዲያና ወዲህ እየሳብኩ፣ እየፈተሽኩ። ልቤ እየተቆረጠ እጄ ዚፕ ያለሰልሳል። እንደኔ ያለ ሰው በዓለም ላይ ስንት ይኖራል? ብዙ ባይሆን ነው የሚሻለው።

ግንቦት 25

ልጃችን ከነገ ወዲያ ትመጣለች። ንግግር አዘጋጀሁ፣ በጽሑፍ። አንደኛ፦ የጤና ሁኔታ። ሁለተኛ፦ የዳቦና የአትክልት አቅርቦት። ሦስተኛ፦ ልዩ ልዩ።

ለሰላጣው አነበብኩለት። ሁለት ነጥብ በደንብ ሄደ። "ልዩ ልዩ" ሥር ያለውን ግን እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም። ብዕሩን ሦስቴ ቀየርኩ። የብዕሩ ጥፋት አይደለም።

ግንቦት 27

መጣች። እናቷ ቆስጣ ስትለቅም አይታ በሩ ላይ ቆመች። ምሳ አቀረብን። ዳቦውን ቆርሳ አየችው፣ አሸተተችው፣ "ከየት ገዛችሁት?" አለች። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ አልተሞገስኩም።

ከምሳ በኋላ ተነሳች። "እማዬ… ልብስሽን ላዘጋጅልሽ?"

ባለቤቴ ሻንጣውን አየች። እኔ ወረቀቴን አወጣሁ። ቆምኩ። አንደኛን አነበብኩ። ሁለተኛን አነበብኩ።

ልጃችን "አባዬ፣ ስብሰባ ነው እንዴ?" አለች።

ሦስተኛ… ልዩ ልዩ። ከሥሩ ነጭ ወረቀት። ዓይኔ ነጩ ላይ ቆመ።

"አትሂጂ" አልኩ።

"ምን አልክ?" ባለቤቴ ናት።

"አትሂጂ። አላስቸገርሽኝም። ዝም ስትይኝ ነው የተቸገርኩት። እኔ… አንቺ ከሌለሽ ማን ቤት ነው የምኖረው?"

ወረቀቱን አጠፍኩት። አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ሁለት ዓመት ነው የቀረን፤ እንዲህ ስታየኝ ግን የማስታውሰው አንዴ ነው።

"ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት ነው ወር ሙሉ ጎመን ስትዘራ የከረምከው?"

"…አዎ።"

"ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ሻንጣውን አላስወርድህም ነበር።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ዚፑን ሳሙና አልቀባም ነበር።"

ልጃችን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልጠየቅኳትም።

ግንቦት 30

ልጃችን ትናንት ሄደች። ብቻዋን።

ስድቡ ዛሬ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጀመረ። የዳቦው ቂጥ አሯል። ውሃ ያጠጣሁት ግማሹን መደብ፣ ግማሹን ጫማዬን ነው። ይህን ሁሉ ጎመን ማን እንደሚበላው ካወቅኩ ልንገራት። ሸሚዜ ደግሞ… "አቶ ማኅደር፣ ያንን ሸሚዝ ማን ነው የቆለፈልህ? አናጢው ነው?" አየሁት። ከላይ እስከ ታች ተዛንፏል።

"ና ወዲህ" አለች።

በግራ እጇ ፈታችው። ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ትቆልፍ ጀመር። አንዱ ቁልፍ እምቢ አለ፣ አንዱ አምልጧት እንደገና ጀመረች። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ምድጃው ላይ የጣድኩት ውሃ ፈልቶ ገነፈለ።

አልተንቀሳቀስኩም።