ፓይለቱን የመለስኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥር 2 ቀን 2003

ወርቄ ሰፌዷን ይዛ ሄደች። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ቡና ለቅመናል። ዛሬ «እዚያ ብርሃኑ ይሻላል» ብላኝ ሰሚራ አጠገብ ተቀመጠች። የብርሃን ነገር አይደለም። ሰሚራ «የሰማይ መርከብ»ን እስከ አስረኛው ዙር አይታዋለች፤ ወንድሟ ጅማ ፊልም ያከራያል። እኔ ያለኝ የወንድሜ ዲስክ ነው።

እስከ ዛሬ ከመጋዘኑ ሴቶች ሁሉ ይህን ተከታታይ ፊልም የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሁድ ወንድሜ ቤት አያለሁ፣ ሰኞ አወራላቸዋለሁ። ጥቁሩን ፍሬ እየለቀሙ ስለ ሌላ ፕላኔት ሲጨቃጨቁ ካቦው ሳይቀር ቆሞ ይሰማ ነበር። አሁን ሚዛን ከተማ ከገባች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ልጅ ተከብባ ተቀምጣለች።

ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 3

የሰሚራ ጥፋት፦ ገና ሳታወራው ራሷ ትስቃለች። እኛ «ጋሼ» የምንለውን ካፒቴን በፈረንጅ ስሙ ትጠራዋለች። እጇ ከእኔ ይፈጥናል። ይሄ እንኳን ጥፋት አይደለም፣ ግን ያናድዳል።

ዛሬ «የት ደርሳችኋል?» አለቻቸው። ወርቄ፣ የእኔዋ ወርቄ፣ «ፓይለቱ ወደ እናቱ ተመለሰ፣ እዚያ ላይ ነን» አለቻት። ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ። «ተመለሰ?» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መልቀሟን ቀጠለች።

የስድስተኛው ዙር ዲስክ ተጭሮ አልሠራም ብሎ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ፈጥሬ አወራሁ። አምስተኛው ዙር ላይ ሰማይ ውስጥ ጠፍቶ የቀረውን ፓይለት የመለስኩት እኔ ነኝ። ከእኛ ጋር ለሚለቅሙት ለእትዬ አስካለ ብዬ ነው። ልጃቸው በጋምቤላ አድርጎ ሱዳን ከገባ ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ቀን አልደወለም። ጠዋት ጠዋት «ያ ልጅ ተገኘ?» ይሉኝ ነበር። ምን ልበላቸው?

ረቡዕ፣ ጥር 4

ፓይለቱን በመለስኩበት ሰሞን እትዬ አስካለ ወባ ጥሏቸው ነበር። መመለሱን እንጂ አመላለሱን አልሰሙም። ዛሬ እኔ እያለሁ ሰሚራን «አንቺ በዓይንሽ ያየሽው ንገሪኝ፣ እንዴት ሆኖ መጣ?» አሏት። «ዓርብ እነግርዎታለሁ» አለቻቸው።

ምሳ ሰዓት ቧንቧው ጋ ጠበቅኳት።

«እውነት አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም። ሄልሜቱን ብቻ ነው ያገኙት።»

«ለእትዬ እንዳትነግሪያቸው። እባክሽ።»

እጇን ታጥባ ጨረሰች። «እኔ ያየሁትን ነው የማወራው» ብላኝ ሄደች።

እባክሽ ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 5

መኪና መጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስንሰፋ ዋልን። ወሬ የለም። እትዬን ቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ሁለቴ ተጠግቼ ሁለቴ ተመለስኩ። የምፈራው ለእሳቸው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ወርቄ ውሸታም ብላኝ እዚያው ሰሚራ ጋ እንዳትቀርም ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 6

ሰሚራ ጀመረች። እኔ ከሰፌዴ ቀና አላልኩም።

በሩ ተንኳኳ አለች። ፓይለቱ ነው፤ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። እናቱ የመርከቧ ሐኪም ናት፣ በሽተኛ መስሏት «ተራ ያዝ» አለችው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። በመሀል አሳለው። ይሄኔ እናቱ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች።

«በሳሉ አወቀችው» አሉ እትዬ አስካለ።

«በሳሉ» አለች ሰሚራ።

«በሳሉማ እንዴት አታውቀውም?» አሉና በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ልጃቸው ሕፃን ሳለ ማጂ ደጋው ላይ በብርዱ እንዴት ያስለው እንደነበር አወሩልን። ከሄደ ወዲህ ስሙን ሲጠሩ የሰማሁት ዛሬ ነው። ወርቄ አለቀሰች። እኔም።

እኔ ስመልሰው በሙዚቃና በጭብጨባ ነበር። ካፒቴኑ ሳይቀር ንግግር አድርጓል። ሳል እንዴት አይታየኝም?

ስንወጣ ሰሚራ በሩ ላይ ደረሰችብኝ። «ከእንግዲህ ፓይለቱ ያስላል፣ ስታወሪ እንዳትረሺ» አለችኝ።

«ሰባተኛው ዙር ላይ አለ እንዴ?»

«የለም። እናስገባዋለን።»

እናስገባዋለን አለች። እኔና እሷ ማለት ነው። አመስግኛታለሁ፣ ግን ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ብሷል። ሰኞ ሰፌዴን ይዤ ወደዚያ እሄዳለሁ። ወርቄ ትጠጋልኝ እንደሆነ አያለሁ።