የታይስቶ ነጭ ሽንኩርት

ስቶክሆልም ላለሽው እህቴ አይሊ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ የሐይቁ በረዶ ቀልጦልን ደህና ነን።

የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ባለቤቴ ታይስቶ ክረምቱን ሙሉ አፉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ! ቤታችን ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ገብቶ አያውቅም። "የየትኛዋን ሴት ሾርባ ጠጥተህ መጣህ?" እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። ኋላ ጥፍሩ ሲሰባበር ፋርማሲ ወሰድኩት። ፋርማሲስቷ የሚውጠውን የሴሌኒየም እንክብል አይታ ሳቀች።

"አባባ፣ ጥሩ ማዕድን ነው፤ ሰውነት ያስፈልገዋል። ግን በቀን አንድ ፍሬ! ሲበዛ ጥፍር ይሰብራል፤ ሽታውም የሱ ነው። ለጊዜው ያቁሙት።"

"አንድ ብቻ ነው የምውጠው!" ብሎ ማለ። የወሩ ብልቃጥ ግን በሳምንት ነበር የሚያልቀው።

አሁን ብልቃጡ ከሽርጤ ኪስ አይወጣም። ሽታው ጠፍቶ ትናንት ከሳውና ስንወጣ ሳመኝ፤ እንደ ሙሽሮች ሳቅን።

ለበጋው በዓል ነይ፣ አዲሱ ድንች ይደርሳል። ታይስቶ ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ ሄልቪ

ፖስታውን ሳላሽግ ታይስቶ መጥቶ "ለአይሊ ሰላም በይልኝ" አለኝ። ብያለሁ አልኩት። ይኸው ደግሞ ተመለሰ፦

"ለማን ነው የምትጽፊው?"

"ለአይሊ።"

"ውይ አይሊ! ሰላም በይልኝ እንጂ!"

ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታይ! ለካ እንክብሉንም እንዲሁ እየረሳ ነበር ደጋግሞ የሚውጠው። ሦስቱንም ሰላምታ ተቀበይው።