ዓሣውን የሚያስመልጠን ማውሱ አይደለም

ይድረስ ለልጄ ለእናትዓለም

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ብርድ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ፍሬ ስብሐትስ እንዴት ነው፣ ያን የሌሊት ሥራ ትቶ ወደ ቀን ተዛወረ ወይስ እንዳለ ነው? ልጃችሁን ትንቢትን ሳሉ ለቀቃት? የበርገን ዝናብስ መቼ ነው የሚያባራው? በስልክ ስጠይቅሽ ይህን ሁሉ «ደኅና ነን አባባ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። እኔ በዚያ አልረካም። በተራ ጠይቄሻለሁና በተራ መልሺልኝ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ለማንበብ መነጽር እፈልጋለሁ፤ ሩቁን ግን ከጎረምሳ አላንስም፤ ከደጅ ወጥቼ ከዘጌ የሚመጣውን ጀልባ ማን እንደሚነዳው እለያለሁ። እናትሽ ወለላም ደኅና ናት። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ «ከስታለች ብለው ይጻፉ፣ ምናልባት ትመጣ ይሆናል» ትለኛለች። አልከሳችም። ያልሆነውን አልጽፍም። ነገር ግን አውሮፕላን በተሰማ ቁጥር ሥራዋን ትታ ወደ ሰማይ ቀና ትላለች። ይህ እውነት ስለሆነ ጽፌልሻለሁ።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ሐሳቤን ሳልጨርስ እናትሽ ከእጄ ትቀበለኛለች፣ አለዚያም መስመሩ ይቋረጣል፣ ሁለቱም ካልሆነ አንቺ «እሺ አባባ» ትይኝና ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ግን እሺ ተብሎ አይዘጋም። የጎረቤታችን የጽጌ ልጅ ጾሙ ሳይገባ ከኦስሎ መጥታ ከርማለች፤ አሁን ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። አዎ፣ መጥታ ከርማለች። ጽጌ ልጇን ይዛ በየቤቱ ስትዞር እናትሽ ቡና አፍልታ ተቀበለቻቸውና ሲወጡ በሩን ይዛ ብዙ ቆመች። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ያየሁትን ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ስትደውይ አንድ ጊዜ ሳትተነፍሺ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንደኛው ለፋሲካ መምጣት አለመቻላችሁ ነው። ሁለተኛው «ትንቢት ከእርስዎ ጋር መጫወት እየሰለቻት ነው፤ ዓሣው ሁልጊዜ ያመልጣችኋል። ለጌም ተብሎ የተሠራ ማውስ እልክልዎታለሁ፣ ከዚያ ይፈጥናሉ» ያልሽው ነው። እኔ ለሁለተኛው ብቻ ቶሎ ብዬ «አልፈልግም» አልሁሽ፤ አንቺም «እልኸኛ» ብለሽ ሳቅሽ። የመጀመሪያውን ግን ምንም ሳልልሽ ስልኩ ተዘጋ።

አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሆነሽ ድምፃችንን ትሰሚያለሽ እንጂ ጨዋታውን ቁጭ ብለሽ አይተሽው አታውቂም። ስክሪኑ ላይ ሐይቅ አለ፣ በሐይቁ ላይ አንዲት ጀልባ አለች። ትንቢት ከዚያ ሆና ጀልባዋን ትነዳለች፤ እኔ ከዚህ ሆኜ መንጠቆውን እይዛለሁ። ከመንጠቆው በላይ ቀይ ቡሽ ይንሳፈፋል። ዓሣው ሲነክስ ቡሹ ይሰምጣል፤ በዚያችው ቅጽበት ማውሱን መጫን አለብኝ። ከዘገየሁ ዓሣው ይሄዳል። ይህን ጨዋታ የመረጠችው እሷ ናት፤ «አያቴ ዓሣ አጥማጅ ስለነበርህ» ብላ ነው። በጣና ላይ ከቁንዝላ እስከ ደቅ ስንት አምባዛ ያወጣሁ ሰው፣ በቀለም የተሳለ ዓሣ ይጫወትብኛል።

«አያቴ እርስዎ፣ አመለጠህ» ትለኛለች። እርስዎ በይኝ ብዬ ስለተቆጣኋት ቃሏን ጨመረችልኝ እንጂ ሌላውን አልለወጠችም። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ማንም እንዳያርማት። መጀመሪያ ሰሞን ባመለጠን ቁጥር ትስቅ ነበር። ቆይታ ሳቁን ተወችው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ በተከታታይ ሲያመልጠን «ግድ የለም» አለችኝ፣ ልክ ትልቅ ሰው ለሕፃን እንደሚለው አድርጋ። ያ ግድ የለም ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ከእሷ ጋር ያለን ሌላ መገናኛ የለም እናትዓለም። የእኔ አማርኛ ይከብዳታል፣ የእሷን ቋንቋ አላውቅም፣ ያለችን ያቺ ጀልባ ናት። ከጀልባዋ ከወረደች የት አገኛታለሁ?

ስለዚህ አልፈልግም ባልሁበት አልቀረሁም። ሰው የነገረኝን ሳልፈትን እንደማልቀበል ታውቂያለሽ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፣ የጀልባ ሞተር ያስተማረኝ የለም፤ ሁሉንም ፈትቼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። ማውሱንም ልፈትነው ብዬ ወደ ሰላህ ሄድሁ። ሰላህን ታስታውሺዋለሽ፣ ጨርቅ ትሸጥ የነበረችው የጀሊላ ልጅ ነው። አሁን ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ይሸጣልም። የያዝሁት አሮጌ ኮምፒውተርም ከእሱ የገዛሁት ነው።

«ለጌም የተሠራውን ማውስ አሳየኝ» ስለው ጎረምሶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አወጣልኝ። ከሆዱ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ይወጣል።

«ይህ መብራት ለምኑ ነው?» አልሁት።

«ለውበት ነው አባባ።»

«ዓሣው ያየዋል?»

«አያየውም።»

«እንግዲያው አጥፋልኝ» አልሁት። ከጎኑ ደግሞ ትንንሽ ቁልፎች አሉት። ምን እንደሆኑ ስጠይቀው «ለጦርነት ጨዋታ ናቸው፤ በአንዱ ይተኩሳሉ፣ በአንዱ ይሸሻሉ» አለኝ። የምሸሸው ሰው የለኝም አልሁት። ጎረምሶቹ ሳቁ።

ዕቃውን ግን አልነቅፈውም። ጀርባው ከመዳፍ ጋር ይገጥማል፣ ሲገፉት እንደ ቅባት ይሄዳል፣ ቁልፉ ገና ጣት ሲያርፍበት ይመልሳል። የሠራው ሰው እጅ ምን እንደሆነ ያወቀ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚተኩስ ጎረምሳ ይገባዋል፤ ዋጋውን ሰምቼም አልተከራከርሁም። የእኔ ጥያቄ ግን ጥሩ ዕቃ ነው ወይስ አይደለም የሚል አልነበረም። ዓሣችንን ያስይዘናል ወይ የሚል ነበር።

ጨዋታው ያለ ኢንተርኔትም ብቻን ሆኖ ይሠራል። መጀመሪያ ሰላህን መስመሩን ንቀለው አልሁትና ከቤት ይዤው በሄድሁት በራሴ አሮጌ ማውስ ተጫወትሁ። ዓሣው ሁሉ ተያዘ፣ አንድም አላመለጠኝም። በአዲሱ ሞከርሁ፤ እንደዚያው ተያዘ። ቀጥሎ መስመሩን አስቀጠልሁትና በአዲሱ ማውስ ተጫወትሁ። አመለጠ። አሁንም አመለጠ። በአሮጌውም አመለጠ። ከጎረምሶቹ አንዱ «አባባ፣ ጾም ስለሆነ ነው አልበላም የሚለው» አለኝ። «ለአንተም መጾም መልካም ነበር፣ ምላስህ ያርፍ ነበር» አልሁት።

ሰላህ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና «አባባ፣ እጅዎ አልዘገየም፣ ማውሱም አልዘገየም» አለኝ። «ከትንቢት ጋር ሲጫወቱ ዓሣው እዚህ አይደለም ያለው፣ እዚያ አውሮፓ ባለ ማሽን ውስጥ ነው። እዚያ ሲነክስ ወሬው ለእርስዎ እስኪደርስ ጥቂት ይቆያል፤ እርስዎ የተጫኑትም ተመልሶ እዚያ እስኪደርስ ይቆያል። በመሐል ዓሣው ይሄዳል።»

«ታዲያ ለዚህ የሚሆን ምን ዕቃ አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ለዚህ የሚሆን ዕቃ የለኝም አባባ» አለኝ፣ «ርቀት ነው።»

ከሱቁ ወጥቼ ወደ ቤት አልሄድሁም። ወደ ሐይቁ ወርጄ ድሮ ታንኳዬን አስርበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ባሻገር አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያው ሲወርድ አያለሁ፣ ድምፁ ግን መጥረቢያው ተመልሶ ከተነሣ በኋላ ነው የሚደርሰኝ። አንቺ ትንሽ ሳለሽ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ይህንኑ አይተሽ «አባባ፣ ሰውየው ለምን ዘግይቶ ይሰማል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሩቅ ስለሆነ ነው አልሁሽ። ያን ጊዜ እንደ ቀላል ነገር መለስሁልሽ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በጨዋታውም እንደ ጣናው ዓሣው ከመንከሱ በፊት በቡሹ ዙሪያ ውኃው በስሱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቡሹን ማየት ተውሁና ውኃውን ማየት ያዝሁ። ውኃው ሲንቀሳቀስ፣ ዓሣው ገና ሳይነክስ ተጫንሁ። ተያዘ። «አያቴ እርስዎ፣ ያዝኸው» ብላ ጮኸች፤ አንቺም ወጥ ቤት ሆነሽ ምን ሆነች ሳትይ አልቀረሽም። ከዚያ በኋላም ያመለጠን አለ፣ የያዝነውም አለ። ሳቋ ግን ተመልሷል። በአሮጌው ማውስ ነው። የጌም ማውስ ለእኔ አትላኪ፤ ሳይመጣ ቀድሞ መጠበቅን እኔም እናትሽም ተምረነዋል፣ ለዚያ ዕቃ አያስፈልገንም።

አጎትሽ ክንዱ ከቁንዝላ በጀልባ መጥቶ ሰንብቶ ሄደ። የረባም ያልረባም ነገር ሲያይ ሳይተች አያልፍምና እኔንም ኮምፒውተር ላይ አግኝቶኝ «ጣና ከደጅህ ተኝቶ በሣጥን ውስጥ ዓሣ ታጠምዳለህ?» አለኝ። በጣና ላይ ትንቢት የለችም አልሁት።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ሰላህ ጋ ተመልሼ ነበር። ትንቢት ስትመጣ በአያቷ ቤት የራሷ ዕቃ እንዲኖራት ብዬ ነው፤ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አድርገን በአንድ ክፍል ብንጫወት ዓሣውም እኛም እዚሁ ነን፣ የሚዘገይ ነገር አይኖርም። ከእነዚያ ማውሶች ለእሷ የሚሆን አንዱን አስቀምጥልኝ አልሁት። ሰላህም ትልቅና ትንሽ እንዳላቸው፣ በመዳፍ ልክ እንደሚመረጡ ነግሮኝ «የልጅቱ እጅ ምን ያህል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስትሄዱ አውራ ጣቴን በሙሉ መዳፏ ጨብጣ ነበር፤ ጣቶቿ ዙሪያውን አይገጥሙም ነበር። እኔ የማውቀው ያንን እጅ ነው። ሰላህ ፊት ቆሜ አውራ ጣቴን አየሁና «ጠይቄ እመጣለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ለትንቢት ልሠራላት ላሰብሁት የታንኳ መቅዘፊያም እንዲሁ ነው የሆንሁት። የአንቺን መቅዘፊያ ቆመሽልኝ ነው የሠራሁልሽ፤ ርዝመቱን ከቁመትሽ፣ እጀታውን ከመዳፍሽ ለክቼ። እስከ ዛሬ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እናትሽ አቧራውን ትጠርገዋለች። ለትንቢት የሚሆን ደረቅ የዋንዛ እንጨት ከያዝሁ ቆይቻለሁ። እንጨቱ ደርቋል፣ መጥረቢያውም ስል ነው፤ ልኩ ግን የለኝም። በግምት ቆርጬ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፣ ለእሷም አልጀምርም።

ስለዚህ እጇን ወረቀት ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ ትሳልና ላኪልኝ። ለማውሱ ይበቃናል። ለመቅዘፊያው ግን ወረቀት አይሆንም፤ ትንቢት ራሷ እፊቴ መቆም አለባት። መንገዱ አስፈርቶሽ ከሆነ አልፈርድብሽም፣ የምትሰሚውን እኛም እንሰማለን። አውሮፕላን ግን ባሕር ዳር ድረስ ይገባል። ለፋሲካ ካልሆነላችሁ ከክረምቱ በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ ማዕበል ስለሚያበዛ ልጅ ይዤ አልወጣም። ለዚህ ደግሞ «እሺ አባባ» የሚለውን አልቀበልም፤ ቀኑን ጽፈሽ ላኪልኝ።

ለፍሬ ስብሐት ሰላም በይልኝ፤ ከአንገቱ ልብስ አይለይ፣ ሌሊት ሠርቶ ብርድ ላይ አይውጣ። እናትሽ ወለላ አንገትሽን ደጋግማ ትስምሻለች፤ ለትንቢት ሽሮና በርበሬ በጽጌ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ልካለች፣ ለአንቺ ነው ያላለችው ሆን ብላ ነው። ክንዱም፣ ጽጌም፣ ጀሊላም ሰላም ብለውሻል።

ለትንቢት ይህን ከደብዳቤው ቆርጠሽ አንብቢላት፦ አያትሽ እርስዎ ቅዳሜ ከጀልባዋ ላይ ይጠብቅሻል። ውኃውን እያየሁ ነው።

አባትሽ ገድሉ
ባሕር ዳር፣ የካቲት ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.